ያረጀውን ስታዲየማችንን ምን ያስውበዋል?

(በማኅበራችን የዘንድሮው የምሩቃን መሰባሰቢያ ላይ የቀረበ ንግግር)



አስተባባሪዎቹ የሰጡኝ ሃያ ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ድምፅ ከምንሰጥባቸው አጀንዳዎች አንዱ የስታዲየማችን ነገር ነው። እንዳነበባችሁት የቀረቡት ሐሳቦች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው፣ ለሚመጣው የምሥረታ በዓል እንዲደርስ የጥላ ፎቁን ፊት በአሉሚኒየም ክላዲንግ መሸፈን፣ መቀመጫውን ቀለም መቀባትና አንድ ትልቅ በር ማቆም ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ይሄ አርጅቷል፤ አፍርሰን ዘመናዊ ስታዲየም እንሥራ፤ ገንዘቡ እስኪሞላ እንታገሥ» የሚል ነው። ሁለቱንም ሐሳብ ያመጡት ግቢያቸውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ክርክሬ ከሰዎቹ ጋር አይደለም። እኔ የቆምኩት ሦስተኛ መንገድ አለ ለማለት ነው።

ነገሩን በአጭሩ ላስቀምጠው። የስታዲየማችንን መልክ ያበላሸው ውሃ ነው። ውሃውን መንገዱን ካሳየነው፣ የጎዳውን ከጠገንን፣ ከዚያም በየዓመቱ ለእንክብካቤ የሚሆን ገንዘብ ከመደብን መልኩ ይመለሳል። ቀለሙም፣ በሩም፣ አበባውም ተራቸው ከዚያ በኋላ ነው። «ከሁሉ በፊት መቀመጫዬን» አለች አሉ ዝንጀሮ፤ የስታዲየም ነገር ሲሆን ደግሞ አባባሉ ይበልጥ ይሠራል።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። ትናንት ከሁለት የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎችና ከሜዳው ተንከባካቢ ጋር ዙሪያውን ዞርን። ተንከባካቢውን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ እኛ ተማሪ ሳለን ወጣት ነበሩ፣ ዛሬ ጡረታ ሊወጡ ነው። መጀመሪያ የጥላ ፎቁን ጣሪያ አየን። ቆርቆሮው በአብዛኛው ደህና ነው፤ ሚስማሮቹ ግን ላልተዋል። አሸንዳው በባሕር ዛፍ ቅጠል ተደፍኗል። በሰሜን በኩል ያለው የውሃ መውረጃ ቱቦ ከመሐሉ ተሰብሮ ወድቋል፤ ከወደቀ ስንት ክረምት እንደሆነው ስጠይቃቸው ጋሼ ሳቅ አሉና «እሱማ ልጆቼን ከመዳሬ በፊት ነው» አሉኝ።

እንግዲህ አስቡት። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ከዚያ ሰፊ ጣሪያ ላይ ተሰብስቦ በየዓመቱ የሚወርደው በሁለት ምሰሶዎች ላይ ነው። ሄዳችሁ እዩአቸው፤ ልስናቸው ረግፏል፣ ፌሮው ወጥቶ ይታያል፣ ዝገቱ እስከ ታች ድረስ ቡናማ መስመር ሠርቷል። ስታዲየሙ «አለቀለት» የሚባለው በእነዚህ ሁለት ምሰሶዎች ምክንያት ነው፤ ከበሩ ሲገባ መጀመሪያ የሚታዩት እነሱ ናቸውና። የቀሩት ምሰሶዎች ግን የዚያው ዘመን፣ የዚያው ግንበኛ እጅ ሥራ ሆነው ሳለ ደህና ናቸው። ተማሪዎቹ እያንዳንዳቸውን በመዶሻ ቀስ እያሉ መቱአቸው። ጤነኛው አርማታ ጠንከር ያለ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የታመመው ግን ባዶ እንስራ እንደመምታት ነው። ባዶ ድምፅ የሰጡት ያው ውሃ የሚወርድባቸው ሁለቱና ከሥራቸው ያሉት ጥቂት የመቀመጫ ደረጃዎች ብቻ ናቸው። ዕድሜ ቢሆንማ ሁሉንም እኩል ባስረጀ ነበር።

የምህንድስና ትምህርት ያልተማራችሁ እንዳትሰለቹ ነገሩን በቀላሉ ልበለው። አርማታ ውስጥ ያለውን ብረት ከዝገት የሚጠብቀው ዙሪያውን ያቀፈው ሲሚንቶ ነው። ውሃና አየር በስንጥቅ ገብተው ብረቱ ጋ ሲደርሱ ብረቱ ይዝጋል። ዝገት ደግሞ ከዋናው ብረት ይልቅ ብዙ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ሲያጣ አርማታውን ከውስጥ እየገፋ ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁ ሲሰፋ ተጨማሪ ውሃ ይገባል፤ ተጨማሪ ውሃ ሲገባ ተጨማሪ ዝገት ይመጣል። ለዓመታት ምንም የሆነ አይመስልም፤ አንድ ቀን ግን የእጅ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ከላይ ይወድቃል። አባቶቻችን «እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ» ያሉት ስለ ወንዝ ነው፤ ስለ አርማታም ቢሉት ያስኬዳል።

አሁን ወደ ክላዲንጉ እንምጣ። በዚህ በታመመ ምሰሶ ላይ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ብናለብሰው ዝገቱ ይቆማል? አይቆምም። ከላይ የሚወርደው ውሃ ከአሉሚኒየሙ ጀርባ ይገባል፤ ፀሐይና ንፋስም እንደ ልብ ስለማያገኙት ቶሎ አይደርቅም። ከሁሉ የከፋው ግን ስንጥቁን ማየት አለመቻላችን ነው። ዛሬ ፌሮው ስለሚታይ «ኧረ ይሄ ነገር» እንላለን። ነገ ተሸፍኖ ሲያምር ማንም ምንም አይልም፤ ከሥሩ ግን ተማሪ ይቀመጣል። ቀለሙም እንደዚሁ ነው። እርጥበት በያዘ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ያብጣል፣ ይላላጣል፤ አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ካልተቀባው ይበልጥ ያስቀይማል። በየዓመቱ ቀለም እየገዛን በየዓመቱ መላጣ ማየት ማለት ነው።

ይህን ስል «ታዲያ ያረጀ የኮሌጅ ስታዲየም በየትኛው አገር ነው ተጠግኖ ያማረው?» የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የምኖረው አሜሪካ ስለሆነ እዚያ ስላሉ ሦስት የዩኒቨርሲቲ ስታዲየሞች ልንገራችሁ። ከአቅማችን ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም፤ የገንዘቡን መጠን እርሱትና የሥራውን ቅደም ተከተል ብቻ አብራችሁኝ ተመልከቱ።

የመጀመሪያው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ነው። የተከፈተው በ1903 እ.ኤ.አ. ሲሆን በአሜሪካ በአርማታ ከተሠሩት ትልልቅ ግንባታዎች ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ዋናውን ስጦታ ማን ሰጠ? እንደኛው ያሉ ምሩቃን! በ1879 የተመረቁት ለ25ኛ ዓመት መታሰቢያቸው 100 ሺህ ዶላር አዋጡ። ዛሬ የምናየው ከላይ ዙሪያውን የከበበው የዓምዶች ረድፍ ግን ያኔ አልነበረም፤ የተጨመረው በ1910 ነው። ማለትም መጀመሪያ የሚያስፈልገውን ሠሩ፤ ጌጡ ከዓመታት በኋላ መጣ። ኋላም በ1929 ክፍት በሆነው ጫፍ ላይ የብረት መቀመጫ ጨምረው ከ57 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ አደረጉት። ያ ብረት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተነሥቶ ስታዲየሙ የቀድሞ የፈረስ ኮቴ ቅርጹን መልሶ አገኘ። በ1987 ደግሞ የአገሪቱ ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው አርማታ ዛሬም ጨዋታ ያስተናግዳል።

ሁለተኛው በ1914 የተከፈተው የዬል ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ነው። ግማሹ መሬት ተቆፍሮ፣ የወጣው አፈር ዙሪያውን ተከምሮ የተሠራ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ነው፤ ስሙም ያንኑ የሚል ነው። ዘጠና ዓመት ገደማ ሲሆነው አርማታው ተጎድቶ ስለነበር በ2000ዎቹ አጋማሽ ሰፊ ጥገና ተደረገለት። ያፈረሰው የለም፤ የሸፈነውም የለም። የተጎዳውን ግንብ ጠግነው ያንኑ መልኩን መለሱለት። እዚያም ምሩቃን አሉበት፤ የመጫወቻ ሜዳው ዛሬ የሚጠራው በ1954 እ.ኤ.አ. በተመረቁት ተማሪዎች ስም ነው። ስሙ የተሰጠው ለሜዳው ነው ብላችሁ እንዳትስቁ፤ ሜዳ የሚያለማ ምሩቅ ክላዲንግ ከሚለጥፍ ምሩቅ ይልቅ ይታወሳል።

ሦስተኛው ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ ነው። በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ፣ በዩጂን ከተማ የሚገኘው ሄይዋርድ ፊልድ ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የተካሄደው እዚያ ነበር። ለተሰንበት ግደይ በ10 ሺህ ሜትር፣ ጉዳፍ ፀጋይ በ5 ሺህ ሜትር፣ ታምራት ቶላና ጎተይቶም ገብረሥላሴ በማራቶን ወርቅ ያመጡበት፣ አገራችን በ4 ወርቅ፣ በ4 ብርና በ2 ነሐስ በሜዳሊያ ሰንጠረዡ ሁለተኛ የወጣችበት ሻምፒዮና ነው። ጉዳፍ በዓመቱ በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. እዚያው መም ላይ 5 ሺህ ሜትርን በ14 ደቂቃ ከ00.21 ሰከንድ ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብራለች። የዩኒቨርሲቲ ስታዲየም እኮ ነው!

ይህ ስታዲየም የተከፈተው በ1919 እ.ኤ.አ. ነው። በ1925 የተሠራ ከእንጨት የሆነ የምሥራቅ ጥላ ፎቅ ነበረው፤ ሯጩ ከተመልካቹ እጅ የማይርቅበት፣ እግር ሲረገጥ የሚንጎደጎድ ነበር ይላሉ የሚያውቁት። በ2018 ለሻምፒዮናው ሲባል ሁሉም ፈረሰና አዲሱ በቦታው ቆመ። አዲሱ አስደናቂ ነው፤ ጣሪያው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ የእንጨት ቅስቶቹ ያማሩ፣ ከጥጉ ረጅም ማማ ያለው። ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ከመፍረሱ በፊት ብዙ የቀድሞ ተማሪዎችና የከተማው ነዋሪዎች «ቢያንስ የምሥራቁ ጥላ ፎቅ ይትረፍ» ብለው ተከራክረዋል፤ አልተረፈም። አዲሱን ገንቢዎችም የሚታወስ ነገር እንደሚያስፈልግ ስለገባቸው በማማው ላይ የቀድሞ አሠልጣኝና የአትሌቶች ምስል አኖሩ። እንግዲህ ትምህርቱ ይሄ ነው፤ ገንዘብ ያለው እንኳ አዲስ ሕንጻ ይገዛል እንጂ ትዝታ አይገዛም። ገንዘብ የሌለው ደግሞ አፍርሶ ሲጠብቅ ሁለቱንም ያጣል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን።

ከላይ 1954 ስል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አይቻለሁ። የፈረንጆቹ 1954 ነው ያልኩት፤ በእኛ 1954 ዓ.ም. ግን ሌላ ትልቅ ነገር አለ። በጥር ወር በአዲስ አበባ ስታዲየም ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣንበት ዓመት ነው። የዚያ ስታዲየም ውበት ከየት እንደመጣ አስቡ። ከቀለም ነው? ሕዝቡ ራሱ ለየቦታው ስም አወጣለት፦ ጥላ ፎቅ፣ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ። ስሙን የሰማ ሰው ቦታውን፣ የሚቀመጥበትን ሰው ዓይነት፣ ጭብጨባውን ሳይቀር ያየዋል። ሥዕል ነው።

ከስድሳ ዓመት በኋላስ? በሰኔ 2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን እንደገና 2 ለ 0 አሸነፈ። የእኛ የሜዳ ጨዋታ ነበር፤ የተካሄደው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ውስጥ ነው። የአገራችን ስታዲየሞች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት ስላላሟሉ «ሜዳችን» የሰው አገር ሆነ። ያን የመሰለ ድል የገዛ ሕዝቡ በቴሌቪዥን አየው። ይህን የማነሣው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ጥገናን ማስተላለፍ ዋጋ እንዳለው፣ ዋጋውንም የሚከፍለው የሚጫወተውና የሚያየው ሰው እንደሆነ ለማሳየት ነው። የእኛ ግቢ ልጆችም የክፍሎች ውድድር ፍጻሜን ሌላ ቦታ ሜዳ ተከራይተው መጫወት ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ነገሩ ያው ነው፤ መጠኑ ነው የሚለየው።

ወደ ሥራው ልግባ። የማቀርበው ሐሳብ አምስት ደረጃ አለው፤ ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ውሃ። በጥርና በግንቦት መካከል፣ ክረምት ሳይገባ፣ አሸንዳው ይጸዳል፣ የተሰበረው መውረጃ ይተካል፣ የላሉት ሚስማሮች ጎማ ባለው ቡሎን ይቀየራሉ። ከመሙ በስተጀርባ ያለው ቦይ አፈርና የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶታል፤ ለዚህ ነው የምሥራቁ መታጠፊያ በየክረምቱ ኩሬ የሚሠራው። ቦዩን መጥረግ ገንዘብ ሳይሆን አካፋ ነው የሚፈልገው። ይህ ሁሉ ከአሉሚኒየሙ በር ዋጋ በጣም ያነሰ ነው።

ሁለተኛ፣ ጥገና። ሁለቱ ምሰሶዎችና ባዶ ድምፅ የሰጡት ደረጃዎች ባለሙያ ይመረምራቸው። የላላው አርማታ ተፈልፍሎ ይወጣል፤ ዝገቱ እስኪነጣ ይፋቃል፤ የተበላው ፌሮ ይደገፋል ወይም ይቀየራል፤ ከዚያ በጥሩ የጥገና ሙሌት ይሞላል፣ በቂ ቀን እየረጠበ ይጠነክራል። ጥገናው እስኪያልቅ ድረስ ከሥሩ ሰው እንዳይቀመጥ ዛሬውኑ ገመድ ይታሰር። ይህን ለጉባኤው ድምፅ አልተውም፤ ለግቢው አስተዳደር በጽሑፍ አስገብቻለሁ።

ሦስተኛ፣ ማጽዳትና አረንጓዴ። ከውጭ ያለው ጥርብ ድንጋይ ምንም አልሆነም፤ የጠቆረው በጭስና በሻጋታ ነው። በውሃና በብሩሽ ይታጠብ፤ በብረት መፋቂያ እንዳይነካ። መገጣጠሚያው የለቀቀው ተሞልቶ ይስተካከል። ድንጋዩን ቀለም የሚቀባ ሰው ካያችሁ ደግሞ እጁን ያዙልኝ። ሜዳው ላይ ሰርዶው ባዶ በሆነበት እንደገና ይተከል፤ በሐምሌ ይይዛል። ግንቡን የተጠጉት ባሕር ዛፎች ሥራቸው ቦዩን፣ ቅጠላቸው አሸንዳውን ይደፍናሉ፤ እነሱ ተነሥተው ራቅ ብሎ ወይራ፣ ጽድና ዝግባ ይተከል። እኛ ጥላውን ላናገኘው እንችላለን፤ ልጆቹ ያገኙታል።

አራተኛ፣ ሰው የሚጠቀምበት ነገር። የሴቶች መልበሻ ክፍል ዛሬ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ነው። መጸዳጃ ቤቱ ውሃ የለውም። በዊልቸር የሚመጣ ሰው የሚገባበት መንገድ የለም። ይህን «የመልክ ጉዳይ አይደለም» የሚል ካለ፣ እንግዳ ተቀብሎ መጸዳጃው ተቆልፎ የሚያይ ሰው ስለ ስታዲየሙ ምን ብሎ እንደሚሄድ ያስብ። እህቶቻችን ከመኝታ ክፍላቸው ማልያ ለብሰው ግቢውን አቋርጠው እየመጡ ስታዲየማችን አማረ ማለት ያሳፍራል።

አምስተኛ፣ ቀለምና ስም። እዚህ ላይ ስንደርስ ቀለሙ ይቀባ፤ ደስ ይለኛል! ሁለት ቀለም ይበቃል፤ ለብረት መከታውና ለጣሪያው ጠርዝ የግቢያችን ቀለም፣ ለልስኑ ነጭ። የመሙ መስመሮች ቀጥ ብለው በኖራ ይሰመሩ፤ ቀጥ ያለ መስመር ብቻውን የሜዳን መልክ ይቀይራል። ቀጥሎ ስሞቹ። እኛም እኮ እንደ ካታንጋ ያሉ ስሞች ነበሩን። «ቆሎ ተራ»፣ «ሰነፍ ጥግ»፣ «ዶርም በረንዳ» የምንላቸውን ዛሬ ያሉት ተማሪዎች አያውቋቸውም፤ ትናንት ስነግራቸው ሳቁ። በየቦታው ትንሽ የብረት ሰሌዳ ይለጠፍ። ከበሩ ግራ ባለው ግድግዳ ላይ ደግሞ የየዓመቱ የክፍሎች ውድድር አሸናፊ ስም በድንጋይ ይቀረጽ፤ ለሚመጡት ዓመታትም ባዶ ቦታ ይተው። ባዶው ቦታ ራሱ ተማሪውን «እኔስ?» ያሰኘዋል።

አሁን ሁለት ተቃውሞዎችን ልመልስ። «ለበዓሉ የሚታይ ነገር እንፈልጋለን» የሚለው እውነት አለው፤ እንግዳ ይመጣል፣ ፎቶ ይነሣል። ነገር ግን ከዘረዘርኳቸው አብዛኛው በአንድ በጋ የሚያልቅ ነው። የታጠበ ድንጋይ፣ የለመለመ ሜዳ፣ ቀጥ ያለ መስመር፣ ያልተላላጠ ምሰሶ በፎቶ ይታያል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በሚነሣ ፎቶም ይታያል። «ዘመናዊ ስታዲየም ይገባናል» ለሚለው ደግሞ መልሴ ይገባናል ነው። ገንዘቡ ሲገኝ ይሠራ፤ ባዶ ቦታ አለን። እስከዚያ ግን ዛሬ አንደኛ ዓመት የገባ ልጅ ተመርቆ ይወጣል። ደግሞም አንድ አሸንዳ መጥረግ ያቃተው ማኅበር አዲስ ስታዲየም ቢሰጠው ምን ያደርገዋል?

ይህ ወደ መጨረሻው ነጥብ ያመጣኛል፤ ገንዘብ። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የሕዝብ ሕንጻዎች ባለቤቶች በየዓመቱ የሕንጻዎቻቸውን የመተኪያ ዋጋ ከ2 እስከ 4 በመቶ ለጥገና እንዲመድቡ መክሯል። በቀላሉ፣ ሕንጻውን ዛሬ እንደገና ለመሥራት 100 ብር የሚፈጅ ከሆነ በየዓመቱ ከ2 እስከ 4 ብር አስቀምጥ ማለት ነው። ይህን ያላስቀመጠ ሰው ገንዘቡን ያዳነ ይመስለዋል እንጂ ብድር ነው የገባው፤ ወለዱንም ውሃ ይሰበስባል። ስለዚህ የማቀርበው የውሳኔ ሐሳብ ይህ ነው። ለስታዲየሙ ከምናዋጣው ከእያንዳንዱ 100 ብር 25ቱ ለግንባታ እንዳይነካ፤ በተለየ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥና በየዓመቱ ለአሸንዳ፣ ለቦይ፣ ለሣርና ለቀለም ብቻ ይውል። ሒሳቡ በየስድስት ወሩ ለአባላት ይገለጽ።

ሥራውን የሚከታተለውም ተማሪ ይሁን። በየዓመቱ በሐምሌ፣ ዝናብ በሚዘንብበት ሰዓት፣ የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች ከአንድ መምህርና ከአንድ ምሩቅ ጋር ጃንጥላና ደብተር ይዘው ስታዲየሙን ይዙሩ። በፀሐይ የማይታየው ሁሉ በዝናብ ይታያል፤ ውሃው የት እንደሚንጠባጠብ፣ የት እንደሚቆም ይጻፍ። ከዚያ መስከረም ሲጠባ ዝርዝሩ ለማኅበሩ ይቅረብ። ወጪው ሻይና ዳቦ ነው። ልጆቹ ግን ከመጽሐፍ የማያገኙትን ትምህርት ያገኛሉ፤ እኛም የማንጠብቀው ምሰሶ አይወድቅብንም።

ወንድሞችና እህቶች፣ ደቂቃዬ አልቋል። ከሰዓት በኋላ ድምፅ ስትሰጡ የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የበሩና የክላዲንጉ ገንዘብ ወደ ውሃ ማስወገጃውና ወደ ጥገናው እንዲዞር እጃችሁን አውጡ። ሁለተኛ፣ እዚያ በር ላይ ሁለት መዝገብ ተቀምጧል፤ በአንዱ ላይ በየዓመቱ ለጥገና ምን ያህል እንደምትሰጡ ጻፉ፤ ትንሽ ብትሆን አትፈሩ፣ ዋናው በየዓመቱ መምጣቷ ነው። በሌላው ላይ ደግሞ በዘመናችሁ የውድድሩን ዋንጫ ማን እንደወሰደ ጻፉ፤ ግድግዳው ላይ የሚቀረጸው ከዚያ ይለቀማል። ስለ ውጤቱ የማትስማሙ ካላችሁ እዚያው ተከራክራችሁ ጨርሱ፤ ማየት እፈልጋለሁ።